ሽማግሌ አስታርቆ ከሄደ በኋላስ? የቤተሰብ ቴራፒ የቤታችንን ንግግር እንዴት ይለውጣል



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን በር ዘግተን የያዝነው ጉዳይ ነው። ከሶዶ እስከ ቦዲቲ፣ ከአረካ እስከ ገሱባ ድረስ ይህችን ታሪክ የማያውቅ ሰፈር ያለ አይመስለንም።

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌዎች አንድ ቤት ይመጣሉ። ባል ይናገራል፣ ሚስት ትናገራለች። ያጠፋው ይገሠጻል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ምርቃት ይወርዳል፣ ቡና ይጠጣል። ሽማግሌዎቹ "በሉ እንግዲህ ሰላም ሁኑ" ብለው ይወጣሉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ጠብ፣ ያው ቃል፣ ያው ኩርፊያ ይመለሳል። ሁለተኛ ሽማግሌ መጥራት ያሳፍራል። ሦስተኛ ላይ ሲደረስ ደግሞ "እነሱ በቃ አይሆንላቸውም" ይባላል።

ነገሩን ልብ ብለን ካየነው፣ እርቁ ውሸት አልነበረም። ሁለቱም ከልባቸው ነው ይቅር የተባባሉት። ግን እርቁ የዘጋው የትናንቱን ጠብ ነው። ማክሰኞ ማታ የልጆች ክፍያ ሲነሳ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በዚያው በለመዱት አነጋገር ነው። እሱን ማንም አልነካውም።

የቤተሰብ ቴራፒ የሚባለው ሥራውን የሚጀምረው እዚህች ላይ ነው። ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይሆን፣ እንዲሁም ባለሙያ ባናገኝ እንኳ ከዛሬ ማታ ጀምረን ቤታችን ውስጥ ምን ማድረግ እንደምንችል አብረን እንይ።

የቤተሰብ ቴራፒ ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ የሠለጠነ ባለሙያ የቤተሰብ አባላትን አንድ ላይ አስቀምጦ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ራሳቸው እንዲያዩትና እንዲቀይሩት የሚያግዝበት የምክር አገልግሎት ነው። ባልና ሚስት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ወላጅና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። አማት ወይም አያት አብረው የሚኖሩ ከሆነ እነሱም ሊጨመሩ ይችላሉ።

ዋናው ልዩነት ጥያቄው ላይ ነው። እኛ ጠብ ሲነሳ የምንጠይቀው "ጥፋተኛው ማነው?" ብለን ነው። የቤተሰብ ቴራፒ የሚጠይቀው ደግሞ "በመካከላችሁ እየተደጋገመ ያለው ነገር ምንድን ነው?" ብሎ ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ግን ሁሉም ነገር የሚቀየረው ከዚህ ነው።

ይሄ አስተሳሰብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የተቸገረው ሰው ብቻውን ነበር የሚታከመው። ባለሙያዎች ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ሆስፒታል ገብቶ የተሻለው ሰው ቤቱ ሲመለስ እንደገና ይወድቃል። መሬይ ቦወን የተባለው ሐኪም ታማሚዎችን ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል አስገብቶ አብረው ሲኖሩ ማጥናት ጀመረ። ቨርጂኒያ ሳቲር እ.ኤ.አ. በ1964 ቤተሰብን በአንድነት ስለማከም መጽሐፍ አሳተመች። አርጀንቲና የተወለደው ሳልቫዶር ሚኑቺን ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ከድሃ ሰፈር ከመጡ ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር ሠርቶ፣ ልምዱን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 በመጽሐፍ አወጣ። ስለዚህ "ይሄ የሀብታም ነገር ነው፣ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" የሚለው ነገር ብዙም አያስኬድም። ከመነሻው የኑሮ ጫና ባለበት ቤት የተሞከረ ነው።

ክቡ ጠብ

ነገሩ እንዲገባን አንድ ቤት በምናባችን እንሥራ። ባል መርካቶ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ አለው። ሚስት ቤት ውስጥ ሆና እንጀራ እየሸጠች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል።

እሷ፦ "ዛሬም አመሸህ። ለልጆቹ ክፍያ አራት ቀን ነው የቀረው፤ አንተ ግን ግድም የለህ!"

እሱ ስልኩን ያያል።

እሷ፦ "ለወንድምህ ሲሆን ብር አይጠፋም!"

እሱ ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል። በሩ ይጋጫል። ልጆቹ የተኙ መስለው ያዳምጣሉ።

እሱን ብቻውን ብንጠይቀው "ስለምትጨቃጨቅ ነው የምወጣው" ይላል። እሷን ብቻዋን ብንጠይቃት "ዝም ብሎ ስለሚወጣ ነው የምጮኸው" ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው! እሷ ድምፅ ከፍ ባደረገች ቁጥር እሱ ይዘጋል፤ እሱ በዘጋ ቁጥር እሷ ድምፅ ትጨምራለች። መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ክብ ነው። "ማን ጀመረ?" ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩን የሚያባብሰው አንድ ነገር አለ። ወንድ ልጅ ሲያድግ "ዝምታ ወርቅ ነው" እየተባለ ነው። እሱ ዝም ሲል ጠቡን ያበረደ ይመስለዋል። እሷ ግን ዝምታውን የምታነበው "ከቁም ነገር አልቆጠረኝም" ብላ ነው። እሷ ስትጮኽ ደግሞ "ስሚኝ የሚል ሰው ይኑር" ማለቷ ነው፤ እሱ የሚሰማው ግን "አንተ የማትረባ ነህ" የሚል ስድብ ነው።

አሁን እነዚህን ሁለት ሰዎች ባለሙያ ፊት እናስቀምጣቸው። ባለሙያዋ ፍርድ አትሰጥም። ወደ እሱ ዞራ "ወንድምህ ሲደውል ምን ይሰማሃል?" ትለዋለች። ትንሽ ይቆይና "አባታችን ሲሞት ወንድሜን አስተምረዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አሁን ግን ሱቁ ቀዝቅዟል። ይሄን ለእሷ መንገር አፈርኩ" ይላል። ሚስት ይህንን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ባለሙያዋ "የሰማሽውን በራስሽ ቃል ንገሪው" ትላታለች። እሷም ትነግረውና "እኔ እኮ መላክህን አልጠላሁም፤ ሳትነግረኝ መላክህን ነው" ትለዋለች።

ብሩ አልጨመረም። ክፍያውም ያው አራት ቀን ነው የቀረው። ግን ጠቡ ተቀይሯል። ቅድም "ትወደኛለህ ወይስ ትንቀኛለህ?" የሚል ጠብ ነበር፤ አሁን "በወር ለወንድምህ ስንት፣ ለልጆቹ ስንት?" የሚል ሒሳብ ሆኗል። ሒሳብ ደግሞ ተቀምጦ ይሠራል።

ክፍለ ጊዜው እንዴት ነው የሚካሄደው?

አንድ ጊዜ ሲገናኙ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ብዙ ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ እንደ ችግሩ ይለያያል፤ ብዙ ቤተሰብ በጥቂት ወራት ይጨርሳል። የዕድሜ ልክ ነገር አይደለም።

ባለሙያው በተለምዶ የሚሠራቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

መጀመሪያ ሕግ ያወጣል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ስድብ የለም፤ እዚህ የተባለ ነገር ቤት ሄዶ መወጋጊያ አይሆንም።

ቀጥሎ የቤተሰቡን ሐረግ በወረቀት ላይ ይሥላል። አያት፣ አባት፣ ልጅ ብሎ ሦስት ትውልድ ያስቀምጣል። አባቱ ሲቆጣ ከቤት ይወጣ የነበረ ሰው እሱም ሲቆጣ ከቤት እንደሚወጣ እዚያ ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። "ባሕሪዬ ነው" ያልነው ነገር ስንት ጊዜ ሳናውቀው የወረስነው ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ዝም ያለውን ሰው ያናግራል። በእኛ ቤት ትልቅ ሲያወራ ልጅ አይናገርም። ባለሙያው ግን የ13 ዓመቷን ልጅ "አባትና እናት ሲጣሉ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?" ብሎ ይጠይቃታል። "ታናናሾቼን ይዤ ጓሮ እወጣለሁ" ብላ ስትመልስ፣ አሥር ሽማግሌ ተቆጥቶ ያላስደነገጠው አባት ሊደነግጥ ይችላል።

በመጨረሻ የቤት ሥራ ይሰጣል። "እስከሚቀጥለው ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ ስለ ብርም ስለ ልጅም ሳታነሱ አውሩ" የመሰለ ቀላል ነገር ነው። ዋናው ለውጥ የሚመጣው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ከዚህች ልምምድ ነው።

ሽምግልናን ይተካል ወይ?

አይተካም፤ መተካትም የለበትም። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ሽማግሌ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ይከበራል፣ የተጣላን ሰው በአንድ ቀን አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣል፤ ክፍያም አይጠይቅም። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም ብዙ ትዳር ከመፍረስ አድነዋል።

ግን ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት። ሽምግልና ወደ ኋላ አይቶ የተፈጸመውን በደል ይዳኛል፣ ይቅር ያባብላል። ቴራፒ ደግሞ ወደ ፊት አይቶ ነገ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያለማምዳል። ሽምግልና የአደባባይ ባሕርይ አለው፤ ሚስት መኝታ ቤት ያለውን ችግር ለአማቷ ወንድም እንዴት ትናገር? ባለሙያ ጋ ግን ምስጢር የሥራው ግዴታ ነው። ደግሞም ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፤ አንዳንዴም "ቻይው፣ ትዳር እንዲህ ነው" ብሎ ይዘጋዋል።

ሕጉም ቢሆን ለሁለቱም ቦታ አለው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ቢችሉም፣ የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለምሳሌ ብናነሳ፣ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤት ሁለቱን ወገን ለየብቻም ሆነ አንድ ላይ እንዲያነጋግር፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ እንዲሞክር፣ ካልሆነም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እኛን የሚቆጨን ይህ ሦስት ወር ነው። ብዙ ጊዜ በየዘመድ ቤት ተኮራርፎ ያልፋል። አሥር ጊዜ ከባለሙያ ጋር መቀመጥ የሚቻልበት ጊዜ እኮ ነው! ተቀምጠውም መለያየት ከመረጡ እንኳ፣ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድጉ ተነጋግረው ይለያያሉ።

ከጉራጌ የቡና ሥነ ሥርዓት ምን እንማራለን?

"እሺ፣ ይሄ በእኛ ባህል ይሠራል ወይ?" የሚል ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ጉራጌ ዞን ውስጥ የተሞከረ ነገር አለ። "ዩናይት ፎር ኤ ቤተር ላይፍ" የተባለ ፕሮግራም በ64 መንደሮች ውስጥ ጥናት ተደርጎበታል። ሰዎቹን ስብሰባ አዳራሽ አልጠራቸውም፤ ቡና ተፈልቶ ነው የተወያዩት። በአንዳንዱ መንደር ሴቶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ወንዶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው 14 ጊዜ ተቀምጠዋል። የተወያዩትም ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት ውስጥ የሥራ ክፍፍል፣ ስለ መነጋገርና ያለ ዱላ ስለ መግባባት ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሲሆን፣ ወንዶች በተወያዩባቸው መንደሮች ወንዶች በትዳር አጋራቸው ላይ የሚያደርሱት ጾታዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ የቡድን ውይይት ስለሆነ በቀጥታ የቤተሰብ ቴራፒ ነው አንልም። ግን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ የቡና ረከቦት ከየትኛውም ቢሮ የተሻለ የመነጋገሪያ ቦታ ሊሆን ይችላል። እኛ ወላይታዎችም የቡና ቅጠል አፍልተን ጎረቤት የምንጠራራ ሕዝብ ነን፤ ረከቦቱ ሞልቶናል። ሁለተኛ፣ ወንዶች ካልተቀመጡ ነገሩ ጎዶሎ ነው። "ሂጂና ተመከሪ" ብሎ ሚስትን ብቻ መላክ አያዋጣም።

በእኛ ቤት በብዛት የሚታዩ ሦስት ነገሮች

*የተለያየ ኑሮ።* ወላይታ ሰው በዝቶ መሬት የጠበበበት አካባቢ ነው። ስለዚህ አባት ወይም ልጅ ለሥራ ወደ እርሻ ልማቶች፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እህት ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች። ስልኩ የሚደወለው ስለ ብር ብቻ ከሆነ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመለሰው ሰው ለልጆቹ እንግዳ ነው። ሚስት ቤቱን ብቻዋን ማስተዳደር ለምዳለች፤ ባል መጥቶ "እኔ ነኝ አዛዡ" ሲል ግጭት ነው። ልጅቷም ከዐረብ አገር ስትመለስ "ያንን ሁሉ ብር ምን አደረጋችሁት?" ብላ ትጠይቃለች። እንዲህ ያለ ቤት ሰው ሲመለስ እንደገና መተዋወቅ ያስፈልገዋል። ማን ምን ይወስናል፣ ብሩ የት ገባ፣ ማን ምን ከፈለ፣ እነዚህን ነገሮች ተረጋግቶ የሚያስነጋግር ሦስተኛ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ይጠቅማል።

*የ12ኛ ክፍል ውጤት።* በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአብዛኛው ቤት ልጅ አላለፈም ማለት ነው። አባት "ይሄን ሁሉ ከፍዬ!" ይላል። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ስልኩ ላይ ይተኛል። አባትየው ንዴት ውስጥ የደበቀው ፍርሃት ነው፦ "የዚህ ልጅ መጨረሻ ምን ይሆን?" ልጁም ዝምታ ውስጥ የደበቀው ኀፍረት ነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ስንት ዓመት ይኖራሉ። "ፈራሁልህ" የምትል አንዲት ቃል ከአንድ ሰዓት ቁጣ በላይ ትሠራ ነበር።

*የአእምሮ ሕመም ያለበት ቤት።* አንድ ልጅ ሲታመም ቤተሰቡ በሙሉ ይናጋል። አንዱ ጸበል ይላል፣ ሌላው ጸሎት፣ ሌላው ሆስፒታል፤ በዚህ ላይ የሰፈር ሐሜት አለ። በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ እንደተረጋገጠው፣ እንደ ስኪዞፍሬንያ ባለ ሕመም ላይ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ ትምህርት ሲያገኝና በቤት ውስጥ ትችትና ጩኸት ሲቀንስ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ ይቀንሳል። ቤተሰቡ የሕመሙ ምንጭ ነው እያልን አይደለም። የመዳኑ አጋዥ መሆን ይችላል እያልን ነው።

የማይሆንበት ጊዜ

ይህችን ክፍል ዘልላችሁ እንዳታልፉ አደራ።

ዱላ ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ "ተነጋገሩ" ማለት አደገኛ ነው። ሴትየዋ እውነቱን ብትናገር ማታ ቤት ስትገባ ልትመታ ትችላለች። ፈርታ ዝም ካለች ደግሞ ባለሙያው የተሳሳተ ነገር ይዞ ይቀጥላል። ጥሩ ባለሙያ ለዚህ ነው መጀመሪያ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ የሚያናግረው። ምት፣ ማስፈራሪያ፣ ማስገደድ ወይም በልጅ ላይ ጥቃት ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለደኅንነት ነው። "ክቡ" የሚለው ነገርም እዚህ አይሠራም። ተመቺዋ ለተመታችው ተጠያቂ አይደለችም። በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የሚመለከተው ወንጀል ነው፤ የቤት ገመና አይደለም። ፖሊስ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ተቋም መሄድ መብት ነው።

ከባድ የመጠጥ ወይም የአደንዛዥ ነገር ሱስ ካለም እሱ መታከም አለበት፤ ሰክሮ የመጣ ሰው ጋር ንግግር መለማመድ አይቻልም። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

የት እንሂድ? ማንን እንመን?

እውነቱን እንነጋገር፤ "የቤተሰብ ቴራፒስት" የሚል ታፔላ በየመንገዱ አናገኝም። ግን ምንም የለም ማለት አይደለም። ከተማችን የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል (ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ "ኦቶና" የምንለው) ያለባት ከተማ ናት። የመጀመሪያው በር የሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። "ያበደ ሰው የሚሄድበት ነው" የሚለውን ተዉት፤ እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ፣ ቤቱ የታመሰ ሰው ሁሉ መሄድ ይችላል። እዚያ "ቤተሰብን የሚያማክር ባለሙያ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሥነ ልቦና ወይም ሶሻል ወርክ ያጠና ባለሙያ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይገኛል። አዲስ አበባ ካሉ ባለሙያዎች ጋር በስልክ ወይም በቪዲዮ መነጋገርም አማራጭ ነው።

ባለሙያ ስታገኙ እነዚህን ጠይቁ፦ ምን ተማርክ፣ የት ሠራህ? ከቤተሰብ ወይም ከባልና ሚስት ጋር ሠርተህ ታውቃለህ? የምንነግርህ ነገር ምስጢር ሆኖ ይጠበቃል ወይ? ክፍያው ስንት ነው? በየትኛው ቋንቋ መነጋገር እንችላለን? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትናቋት። ሰው ሲከፋው የሚያለቅሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፤ ወላይትኛ የሚችል ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ "ጥፋተኛው አንተ ነህ" ካለ፣ የአንዱን ወገን ከያዘ፣ ወይም የሌላ ቤተሰብ ታሪክ በስም ከነገራችሁ፣ ሌላ ፈልጉ። የሌላውን የነገራችሁ የእናንተንም ይናገራል።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

ባለሙያ እስኪገኝ እጅ አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። እነዚህ አምስት ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም፦

1. አጀማመሩን አለስልሱት። "አንተ ሁልጊዜ…" ብለን ስንጀምር ሰው ጋሻውን ያነሳል። "ስታመሽ እጨነቃለሁ፤ ብትደውልልኝ ደስ ይለኛል" ብንልስ? ነገሩ ያው ነው፤ አሰማሙ ግን ሌላ ነው።

2. ከመመለሳችሁ በፊት የሰማችሁትን ድገሙት። "እየሰማሁ ያለሁት ሱቁ እንዳስጨነቀህ ነው፤ ልክ ነኝ?" በሉ። ግማሹ ጠብ የሚነሳው ካልተባለ ነገር ነው።

3. ደም ሲፈላ ዕረፍት ውሰዱ፤ ግን ሰዓት ንገሩ። ዝም ብሎ መውጣት ቁስል ነው። "አሁን ተናድጃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ዞሬ መጥቼ እናወራለን" ብሎ መውጣትና በሰዓቱ መመለስ ግን አክብሮት ነው። ለረጅም ዓመታት ባለትዳሮችን ያጠናው አሜሪካዊው ጆን ጎትማን እንደሚለው ሰውነት እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል።

4. ንቀትን ከቤት አውጡ። ይኸው ተመራማሪ ትዳርን ከሚያፈርሱ ነገሮች ሁሉ በከፋ ደረጃ ያስቀመጠው ንቀትን ነው፦ ዓይን ማዞር፣ ማሽሟጠጥ፣ "የእናትህ ልጅ!" ማለት። ቁጣ ይበርዳል፤ ንቀት ግን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

5. ልጆችን መልእክተኛ አታድርጉ። "ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው" የምትባል ልጅ የሁለት ሰው ሸክም ተሸክማለች። ይልቅ በሳምንት አንድ ማታ ስልክ ተዘግቶ ሁሉም ተራ በተራ የሚናገርበት ጊዜ ይኑር፤ ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ይናገር።

የመጀመሪያ ቀን ያስቃል፤ ሰው ሰው አይመስልም። ግድ የላችሁም፣ ሁለተኛው ቀን ይቀላል።

ጊፋታን አንጠብቅ

እኛ ወላይታዎች በጊፋታ ዋዜማ የተጣላ እንዲታረቅ የሚያደርግ ባህል አለን። ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ብር የምናጠራቅምም እኛው ነን። መስከረም ላይ የምንበላው ሥጋ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም።

የቤት ሰላምም እንደዚያው ነው። በዓመት አንዴ በእርቅ ብቻ አይመጣም፤ በየማታው በትንሽ በትንሹ የሚጠራቀም ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ቤታችን ካመመው እንናገር። ሽማግሌም እንጥራ፣ እንጸልይም፣ ባለሙያም ጋ እንሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ይህችን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልኩን አስቀምጡና አጠገባችሁ ያለውን ሰው "ዛሬ እንዴት ዋልሽ? እንዴት ዋልክ?" በሉት። ከዚያ መልሱን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ ስሙ።

ሰላም ለቤታችሁ!